ሺላ፣ የሐና ልጅ

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ያደግን ሁሉ እናውቃለን። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ይሰበሰባሉ፣ የባለ መርዶው በር ቀስ ተብሎ ይንኳኳል። ሰው መርዶውን ለብቻው እንዲሰማ አይተውም። የሺላን መርዶ ግን እኔ የሰማሁት ማራኪ ሰፈር፣ አንዲት ምሳ ቤት ውስጥ፣ ሽሮ አዝዤ ስጠብቅ፣ በቴሌግራም ነው። የእህቷ ልጅ በእንግሊዝኛ ጥቂት መስመር ጽፋልኛለች። አክስቴ ባለፈው ሳምንት አረፈች፤ ቀብሯ እንደ አገራችን ልማድ አጭርና ጸጥ ያለ ነበር፤ ስምህን ደጋግማ ታነሣ ስለነበር ላሳውቅህ ብዬ ነው ትላለች። ሽሮው መጣ። አልበላሁትም።

ልጅቷ "አጭርና ጸጥ ያለ" ያለችው እኔን ለማጽናናት ነው። ምን ታድርግ፣ አታውቅም። አክስቷ በሕይወቷ ከምንም በላይ የፈራችው ያንን እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። ከማወቅም አልፌ በነገሩ እጄ አለበት።

ሺላ አየርላንዳዊት ነበረች፤ ባለቅኔም ነበረች። ጎንደር የመጣችው በጎ ፈቃደኛ ሆና እንግሊዝኛ ለማስተማር፣ ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆየች። ከእኛ ቤት ጋር አጥር የሚጋራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ ስትገባ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት። ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷ ነጠብጣብ የሞላበት፣ ጸጉሯ ሽበት የተቀላቀለበት ቀይ። ክረምት ገብቶ ሰው ሁሉ ጣራ ሥር ሲጠጋ እሷ የላስቲክ ቦቲዋን ታጠልቅና ወደ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሽቅብ ትወጣለች። አንድ ቀን አዝኜላት ጃንጥላ ይዤ ብከተላት "ተወኝ፤ ዝናብ ዘመዴ ነው" ብላ መለሰችኝ።

አማርኛ የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገበያተኛና ከጎረቤት ነው። ስለዚህ አማርኛዋ የባላገር ነበር። ሸጋ ቀን፣ ሸጋ ድንች፣ ሸጋ ሐዘን ትላለች። መጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት "እርስዎ" ስላት ዞር ዞር ብላ ኋላዋን አየችና "ምነው፣ ስንት ሆኜ ታየሁህ?" አለችኝ። "እትዬ"ንም አልቀበልም አለች። በእድሜ እናቴን የምታህልን ሴት አንቺ እያልኩ መጥራት ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይህን የምጠቅሰው ቀጥሎ ለሚመጣው ውርደት ስለሚያስፈልግ ነው። በመጣች በጥቂት ወሯ ከተማ ውስጥ አንድ የንባብ ማኅበር የግጥም ዝግጅት አሰናድቶ ሺላን ጋበዛት። እኔ ከፊት ወንበር ከባልደረቦቼ ጋር ተቀመጥኩ። ወረቀት አልያዘችም። ዓይኗን ጨፍና አሥር ደቂቃ ያህል አነበነበች። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። ጎን ለጎን አየሁ፤ ሁሉም በጥሞና ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅሁ። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ከጎኔ ያለው ሳቅ ሲል አብሬ ሳቅሁ። ሲያልቅ መድረክ መሪው ተነሥቶ የእንግሊዝኛ ቋንቋን ጥልቀትና ውበት ዛሬ በጆሯችን ሰማን አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሺላ በትሕትና አጎንብሳ አመሰገነች።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ የትኛው ስንኝ እንደጣመኝ ጠየቀችኝ። ዘባረቅሁ፤ ስለ ተፈጥሮ አንድ ነገር አልኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ ሣቋ ባጃጁን ሞላው። ያነበበችው በእንግሊዝኛ አልነበረም። የምትጽፈው ሁልጊዜም በእናቷ ቋንቋ በአይሪሽ ነው፤ በአገሯ እንኳ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። "እንግሊዝኛ የተከራየሁት ቤት ነው። ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል። የተወለድኩት ግን እዚያ አይደለም" አለችኝ። ስቃ አልቀረችም፤ እንዳፍርም አልፈለገችም። "አልገባኝም ማለት የማይፈራ አንድ ሰው እፈልጋለሁ" ብላ የግጥሞቿን የትርጉም ሥራ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መሥራት ጀመርን። እሷ ከአይሪሽ ወደ እንግሊዝኛ ታመጣልኛለች፤ እኔ ወደ አማርኛ እገለብጣለሁ። በአገሯ አራት መጻሕፍት ታትመውላታል። አንዱን መጀመሪያ ሳየው ከስስነቱ የተነሣ የቀን መቁጠሪያ መስሎኝ ነበር። ያን ስስ መጽሐፍ ለመጻፍ ሰባት ዓመት ፈጅቶባታል።

አሠራሯን ስነግራቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም። በዝናብ ስትሄድ ስንኝ ከመጣላት አትጽፈውም። ዘጠኝ ቀን በአፏ እያላመጠች ትይዘዋለች። በዘጠነኛው ቀን የቀረውን ብቻ ወረቀት ላይ ታሰፍራለች። "የረሳሁት የኔ አልነበረም" ትላለች። ትርጉሜን ስሰጣትም ወረቀቱን አትቀበለኝም፤ ጮክ ብዬ እንዳነብላት ታዛለች። "ግጥም የጆሮ ነው። ዓይን ይቸኩላል" የምትለው ነገር ነበራት። ደስ ያላት ስንኝ ሲመጣ በሁለት ጣቷ አንገቷ ሥር ያለውን አጥንት ቀስ አድርጋ መታ መታ ታደርጋለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የምለፋው ለዚያች መታ መታ ነበር።

ሕይወቷን ያወቅሁት ከግጥሞቿ ነው። የተወለደችው በምዕራብ አየርላንድ፣ ባሕር ውስጥ ባለች አንዲት ድንጋያማ ደሴት ነው። አባቷ ቶማስ ጀልባ ይሠራ ነበር። በደሴቲቱ አፈር የለም። እናቷ ሐና ከባሕር ዳርቻ አሸዋና የባሕር ሣር በጀርባዋ እየተሸከመች አለቱ ላይ ታነጥፋለች፤ ያ በስብሶ አፈር ይሆናል፤ በዚያ ላይ ድንች ትተክላለች። አያቷ ደግሞ አልቃሽ ነበረች፤ በደሴቲቱ ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርድ እሷ ናት። በኋላ የአካባቢው ካህናት ልማዱ የአረማዊ ነው ብለው ከለከሉ። አያቷም ዝም ብላ ኖረች፤ ዝም ብላም ሞተች።

ሺላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት ሐና ሞተች። ቤቱ በሰው ሞላ። ሁሉም ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ዕረፍቷ ነው ይባባላል። ሺላ ሻይ ስትቀዳ ዋለች። አላለቀሰችም፤ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያሳያት አልነበረም። ከዚያ ስለ እናቷ ግጥም ጀመረች። "እናቴ ሞታ ሻይ ጠጣን። ሲኒዎቹን አጠብኩ። አንዱም አልተሰበረም።" እዚህ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሞክራ አራተኛ መስመር አልመጣላትም።

ቁስቋም ያቆያት ይህ ነው። በመጣች በሁለተኛ ወሯ ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ስትሄድ እትዬ ዘርፌን ሰማች። እትዬ ዘርፌ ያን ጊዜ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው፤ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ፊደል አያውቁም። የሰፈራችን አልቃሽ ግን እሳቸው ነበሩ። ለቅሶ ቤት እንደገቡ ዝም ብለው አይጀምሩም። አስቀድመው ጥግ ይይዙና ከቤተሰቡ አንዱን ጠርተው የሟችን ሰዎች ያስቆጥራሉ፤ እናቱ ማን ናት፣ አባቱ የየት ነው፣ በእጁ ምን ይሠራ ነበር። ያለ ስም አያለቅሱም። ከዚያ ይነሣሉ፤ ሰዉ ሁሉ እየተቀበለ ያለቅሳል። ሺላ በዚያ ቀን ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብላ በሁለት ጣቷ አጥንቷን ስትመታ አየኋት። ከዚያ በኋላ የቀረችበት ለቅሶ አላስታውስም። መጀመሪያ ጋዜጠኛ ናት ተብላ ታማች። ቆይቶ "ሺላ መጥታለች?" የሚል ባለ ለቅሶ እንኳ መጣ። እድር ገባች፤ ድንኳን ሲተከል ገመድ ትይዛለች።

አንድ ቀን እትዬ ዘርፌ እየፈተሉ ስለ እናቷ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ስሟን ሲሰሙ እንዝርቱን አቆሙ።

"ሐና? ምነው እስከዛሬ ሳትነግሪኝ? የእመቤታችን እናት ስም እኮ ነው።"

መልሰው መፍተላቸውን ቀጠሉ። ከወር በኋላ ግን አንዲት ጎረቤታችን እናቷ ሞተውባት ሁላችን ለቅሶ ተቀምጠናል። እኛ ዘንድ ሰው በሌላው ለቅሶ የራሱን ያለቅሳል፤ ጥሩ አልቃሽም የእንግዳውን ሙት ሳታነሣ አታልፍም። እትዬ ዘርፌ የባለ ለቅሶዋን እናት ጨርሰው በድንገት ወደ ሺላ ዞሩ።

ሐናን አታውቋትም፣ እኔም አላውቃትም፤
ልጇን አይቻለሁ፣ እሷን አላጣትም።

ቀጥለው ደግሞ በሺላ አፍ ገብተው አለቀሱላት።

ድንጋይ አፈር ሆነ በሐና ትከሻ፤
ልቤም ድንጋይ ነበር፣ ዛሬ ሆነ እርሻ።

ያቺ ረጅም ሴት እንደ ግንድ ወደቀች። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት፤ እየተፈራረቁ አብረዋት አለቀሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም፤ አለመፍራቷን ብቻ አይቼ ቀናሁ። በዘጠነኛው ቀን አጥሩን አንኳኩታ ጠራችኝ። ግጥሙ አልቆ ነበር። አርባ ስንኝ ነው። ከተረጎምኩት ሁሉ የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው፤ ምስጋናው ግን የእኔ አይደለም፤ ግማሹን በአማርኛ ነበር የሰማችው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ አማርኛህ ጥሩ ነው ብለው የጫኑብኝ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ወንድሟ ሞቶባት ደረቷን ስትመታ ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ገባች። ጠቅላላ ጉባኤው ተደናገጠ። ሰብሳቢያችን አያ ታከለ ደንብ እንዳረቅ አዘዙኝ። አረቀቅሁ። ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት፣ ሙሾ ማውረድ ክልክል ነው አልኩ። "ኋላ ቀር" የሚል ቃልም ሰነቀርኩ። ደረት መምታቱን ብቻ ከልክሎ መተው ይቻል ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ሙሾውን ለምን እንደጨመርኩ እውነቱን ልናገር፦ የተማርኩ መስዬ መታየት ፈለግሁ። ለጉባኤው ሳቀርብም "ዝም አይነቅዝም" ብዬ ተረት ጨመርኩበት። ሰዉ ሳቀ፤ ደንቡም ተወደደ።

ሺላ እጇን አውጥታ ፈቃድ ጠየቀች።

"እኛ አገር ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ደጎች ነበሩ" አለች። "እንደ ይርጋ ያሉ" ብላ ወደ እኔ አመለከተች። " ለኛ አስበው ነው። ግን ዝም ይነቅዛል። እኔ ቤት ሠላሳ ዓመት ነቅዟል።"

ተቀመጠች። ድምፅ ሲሰጥ ተቃውሞ የወጣው የእሷ እጅ ብቻ ነበር። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን አላወጡም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለቅሶ ቤት ይመጣሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ ንፍሯቸውን ይዘግናሉ፣ ይሄዳሉ። ድምፃቸውን የሰማ የለም።

እኔ ሺላ የምታኮርፈኝ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ እንደ ልማዷ መጣች። ወረቀቶቿን ዘርግታ "ደንብህን አነበብኩት። አማርኛው ሸጋ ነው። ዜማ ብቻ የለውም" አለችኝና ወደ ሥራችን ገባን። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አምና በበጋው መክሳት ጀመረች። እዚህ ተመርምራ ሕመሙ የማይመለስ መሆኑ ሲታወቅ እህቷ ዘንድ እንድትሄድ ተወሰነ። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ አልሠራንም። ቦቲዋን ለባለ ቤቷ ሰጥታ፣ መጽሐፎቿን ለእኔ ትታ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሞቱን አልፈራውም አለችኝ፤ አምናታለሁ። "እናቴን ያለ ድምፅ ቀበርኳት። እኔም እንደሷ ሻይ ተጠጥቶብኝ እንዳልቀር ነው የምፈራው" አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አይዞሽ፣ አንቺ ገና ሁላችንንም ትቀብሪያለሽ አልኳት። በሁለት ጣቷ አጥንቷን አልመታችም።

ስለዚህ ያን ቀን ምሳ ቤቱ ውስጥ መልእክቱን ሦስቴ ካነበብኩ በኋላ በቀጥታ አያ ታከለ ዘንድ ሄድኩ። አያ ታከለ ጡረተኛ የጤና ረዳት ናቸው፤ ደግ፣ ግን ደንብ ከጸደቀ ጸደቀ የሚሉ ሰው። ሺላ የእድሩ አባል ናት፣ ድንኳን ይገባታል አልኳቸው። ገብቷቸዋል፤ ግን ተቸገሩ። ሬሳ የለም። ዘመድ የለም። እግዜር ያጥናችሁ የሚባለው ማን ነው? ለቅሶ ያለ ባለ ለቅሶ እንዴት ይሆናል? እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ድንኳኑን አስወጡ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ በደንቡ መሠረት፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆኜ የእትዬ ዘርፌን በር አንኳኳሁ። ለእሳቸው እንኳ በወጉ ይነገራቸው ብዬ ነው። ሰምተው ቁጭ አሉ። እንባቸው ወረደ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ፎቶዋ፣ አራቱ ስስ መጽሐፎቿ፣ ከጠረጴዛው ሥር ባለ ቤቷ መልሳ ያመጣችው ቦቲ። እኔ ጥቁር ለብሼ የባለ ለቅሶ ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰዉ እየገባ እግዜር ያጥናህ ይለኛል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። በሃይማኖት ስለማንገናኝ ካህን አልመጣም፤ ጸሎትም የለም። ንፍሮ ዞረ። ከዚያ አንዲት ልጅ በትልቅ ትሪ ሻይ ይዛ ገባች። ብርጭቆዎቹ ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ሁሉም አንድ አንድ አነሣ፤ ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ። ዕረፍቷ ነው አለ አንዱ።

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ብርጭቆዬን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። ባለ ለቅሶ ቦታውን ለቆ አይሄድም፤ ሰው ሁሉ አየኝ። እትዬ ዘርፌ ከተቀመጡበት ጥግ ሄጄ ተንበረከክሁ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ያልቅሱላት።"

"ደንቡስ?" አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ መጠየቃቸው ነው።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ። የምጥሰውም እኔ ነኝ።"

ወደ አያ ታከለ አየት አደረጉ። አያ ታከለ የኮታቸውን ቁልፍ ያያሉ። እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካከሉና ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"ሰዎቿን ጥራልኝ" አሉ።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ነገር በሰው ፊት ማልቀስ ነው። ግን ሰዎቿን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠራኋቸው። እናቷ ሐና፣ ድንጋይ ላይ አፈር የሠራች። አባቷ ቶማስ፣ ጀልባ ሠሪ። አያቷ፣ አታልቅሺ የተባለች አልቃሽ። አገሯ ባሕር መሐል ያለች አለት። በእጇስ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ ግጥም ልል ፈለግሁ፤ ድምፄ ተሰበረ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ገባኝ አሉ። ተነሡ።

አራት ዓመት የተዘጋ ጉሮሮ መጀመሪያ ላይ ሻከረ። ከዚያ ተከፈተ።

ባሕር ማዶ ሞተሽ ቁስቋም ተለቀሰ፤
ለናትሽ ንገሪያት፣ እንባችን ደረሰ።

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ተቀበሏቸው። እኔ መሬት ላይ እንደተንበረከክሁ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ለሺላ፣ ቀጥሎ ከስድስት ዓመት በፊት በጨዋነት ለቀበርኩት ለአባቴ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጅ ትሪውን ለቀቀችው። ብርጭቆ ተሰበረ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ አያ ታከለ የእድሩን መዝገብ ይዘው እቤቴ መጡ። በለቅሶ ቀን የሆነው ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ደንብ ነው። ብዕር አነሣሁና ጻፍኩ፦ "በአባላችን ለቅሶ ላይ ደንብ ተጥሷል። የጣሰው የእድሩ ጸሐፊ ይርጋ ነው። ሺላ፣ የሐና ልጅ፣ ተለቅሶላታል።"

አያ ታከለ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጣታቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፉ።

"'በወጉ' የሚል ጨምርበት" አሉ።

ጨመርኩ።